በሬ ሸጠን የገዛነው መብራት

ጥቅምት 2 ቀን 2004 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት የሠርክአዲስን ፀጉር በመቀስ አስተካከልኩላት። ትናንት ማታ ኩራዙ አጠገብ አቀርቅራ ስታጠና እንቅልፍ ጣላትና ግንባሯ ላይ ያለውን ፀጉር እሳቱ ለበለበው። ቤቱ ሁሉ የተቃጠለ ላባ ሸተተ። እሷ ሳቀች። 

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ገና ወር አልሞላትም። ትምህርት ቤቷ ቡሬ ነው፤ ከቤታችን በእግር ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ትመለሳለች። ማጥኛዋ ማታ ብቻ ነው፤ ማታ ደግሞ ያለን ኩራዝ ነው። እኔ እዚሁ ቀበሌ የሰው ልጅ ፊደል አስቆጥራለሁ፤ የራሴ ልጅ በጭስ ዓይኗ ቀልቶ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

አብራኝ የምታስተምረው አስካለ ማርያም ቤተሰቦቿ ቡሬ ናቸው። በእረፍት ሰዓት፣ «ከእህቴ ልጅ ከእህተ ማርያም ጋር አንድ ክፍል ትከራይ። መብራት አለ፣ ትምህርት ቤቱም ከደጃፏ ነው» አለችኝ።

«አስብበታለሁ» አልኳት።

አላስብበትም።

ጥቅምት 5፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለይታገሱ ነገሩን አነሳሁለት። የጤና ኬላው ጣሪያ ላይ እንዳለው ያለ ሶላር ለቤታችን ብናስገባስ አልኩት። ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ባትሪው ያጠራቅማል፣ ማታ ያበራል። ባሌ ቁጡ ሰው አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመልሰው።

«በምን ልንገዛው?»

«ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ብንሸጥ...»

ቆመ። መንገድ ላይ ቆሞ አየኝ። «በሬ ሸጠን ፀሐይ እንግዛ ነው የምትይኝ? ፀሐይ እኮ በነፃ ነው የወጣችው።»

ከኋላችን የሚመጡት ሰዎች ሰምተው ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ግን እቤት ከገባን በኋላ፣ የመብራት ምሰሶ ከመኪናው መንገድ ወደ እኛ በኩል መቆም ጀምሯል፣ ሊቀመንበሩ ዘንድሮ ይገባል ብሏል፣ አንድ ዓመት ብንታገሥ አለኝ።

ምሰሶው ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ከብት ይታከክበታል።

ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ

ፍኖተ ሰላም ደርሼ መጣሁ። ደክሞኛል ግን እንቅልፍ የለም።

ሶላር የሚሸጠውና የሚተክለው ሰው አድማሴ ይባላል። ሱቁ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። እኔ ግን በላይኛው በኩል ዞሬ ነው የሄድኩት። በታችኛው መንገድ የአምለሰት ቤት አለ። የአምለሰት ቤት እላለሁ፤ የሰው ቤት ነው፣ ለአንድ ዓመት የተከራየችው። የመጀመሪያ ልጄ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው በወባ የሞተችው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። አራት ዓመት ሆነ። ታመመች ተብሎ ሲነገረኝ ተነሳሁ፣ ስደርስ ጎረቤቶች ደጅ ላይ ቆመው ነበር።

ይበቃል። ስለ ሶላሩ ልጻፍ።

አድማሴ ጨዋ ልጅ ነው። አስቀምጦ ጠየቀኝ። «ስንት ሰው ነው የሚያጠናው፣ እትዬ?»

«አንዲት ልጅ።»

«ለስንት ሰዓት?»

«ለሦስት፣ ለአራት ሰዓት።»

ከመደርደሪያው አንዲት ትንሽ መብራት አወረደ። ሰሌዳዋ ከደብተር አትበልጥም፣ ባትሪዋ እሆዷ ውስጥ ነው። «ለአንድ ተማሪ ይቺ ትበቃለች። አንድ ሁለት በግ ቢሸጡ ይገዟታል። ትልቁ ብዙ ክፍል ላለው፣ ሻይ ቤት ለከፈተ ሰው ነው።»

ትልቁን አሳየኝ አልኩት። አራት አምፖል፣ ትልቅ ሰሌዳ፣ ሁለት እጅ የሚጠይቅ ባትሪ፣ ቴፕ ያጫውታል፣ ስልክ ይሞላል። ሱቁ ውስጥ አራቱንም አበራልኝ። ግድግዳው ነጭ ሆነ። እንደ ከተማ ቤት።

«ይሄንን ነው የምፈልገው» አልኩት።

«ለአንዲት ልጅ?»

«ቤቱ በሙሉ እንዲበራ ነው።»

ትከሻውን ነቀነቀ።

ጥቅምት 13

ስለ ትንሿ መብራት ለይታገሱ አልነገርኩትም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም።

ጥቅምት 19፣ እሁድ

ጎረቤታችን አቶ ገነነ መጣ። ማሳችን ከማሳው ይዋሰናል። ይታገሱ ስለ በሬው አማክሮት ኖሯል።

«ሽጠው» አለው። «አንዱ ይበቃሃል። አንድ በሬ ካንተ፣ አንድ በሬ ከኔ፣ መቀናጆ እንገባለን። የኔ ሁለተኛው በሬ እንደሁ እግሩን ከታመመ ወዲህ አይታመንም። ለሁለታችንም ይሆናል።» ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «መምህርት፣ ልጅ ማስተማር ጥሩ ነው። ብርሃን በየቤቱ ሲገባ ጎረቤትም ያያል» አለ።

ይታገሱ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። የሰው በሬ ጥገኛ ሆኖ አያውቅም፤ አባቱም አልሆኑም። ፊቱ ላይ አየሁበት። ግን የልጁ ስም ሲነሳ እምቢ ማለት አይችልም፤ እኔም ይሄን አውቄ ነው የተናገርኩት።

ሠርኬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ገነነ ሳይወጣ ደብተሯን ይዛ ጓዳ ገባች።

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ

ዳልቻውን ሸጥነው። ይታገሱ ቡሬ ገበያ ነድቶት ሄዶ ባዶ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። ራቱን አልበላም። ቀሪው በሬ በረት ውስጥ ሲያገሳ አመሸ።

ኅዳር 2፣ ቅዳሜ

ተተከለ!

አድማሴ ዕቃውን እስከ ቡሬ በመኪና፣ ከቡሬ በጋሪ፣ ጋሪው ከቀረበት ደግሞ በሰው ትከሻ አስመጣው። ባሕር ዛፉ ጥላ እንዳይጥልበት ከጣሪያው በስተደቡብ በኩል አሰረው። ባትሪውን ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ አስቀመጠውና፣ «ከብት እንዳይደርስበት፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዳታበሩ፤ ባትሪ እንደ ሰው ነው፣ እስኪወድቅ ከሠራ ቶሎ ያረጃል» አለን።

ስንት ሰው መጣ! አድማሴ ማብሪያውን እንዲጫን ለይታገሱ አሳየው። ይታገሱ ጣቱን ሁለት ጊዜ አስጠግቶ መለሰ፤ በሦስተኛው ተጫነ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ያየሁት የሠርኬን ፊት ነው።

«ጥሩ ነው፣ እማ» አለች።

ጥሩ ነው ብቻ። ደክሟት ይሆናል። ጓሮ ድረስ ተከትላኝ መጥታ ስለ መንገድ አንድ ነገር ልታወራኝ ጀምራ ነበር፤ አድማሴ ሽቦ ያዙልኝ ብሎ ጠራኝና ሳንጨርሰው ቀረ።

አሁን በዚሁ መብራት ነው የምጽፈው። ፊደሌ እንዴት አስቀያሚ ኖሯል።

ኅዳር 8

አራት ሰዓት ሙሉ አጠናች። ዓይኗ አልቀላም። የቀበሌው ሊቀመንበር ከወረዳ ሰዎች ጋር መጥቶ ይታገሱን ከጣሪያው ሥር አቁመው ፎቶ አነሱት። ሞዴል አርሶ አደር አሉት። «አንድ በሬ ያለው ሞዴል» አለ ይታገሱ፣ ሲሄዱ።

ኅዳር 15

ሰው ሁሉ ስልክ ሊሞላ ይመጣል። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ብርሃን አገኘችና ኮራች ይሉኛል። ዛሬ ስድስት ስልክ መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል።

የገነነ ታላቅ ልጅ እንድሪያስም ይመጣል። ሁለት ዓመት መተማ የሰሊጥ ሥራ ቆይቶ ነው የተመለሰው። ጥቁር መነጽር፣ ትልቅ ስልክ። ሁልጊዜ የሚመጣው ወደ ማታ ነው። ስልኩ እስኪሞላ ቁጭ ይላል። ትሑት ልጅ ነው፤ ስገባ ይነሳል፣ ስወጣ ይነሳል። ሠርኬ እሱ ሲመጣ ደብተሯን ይዛ ጓዳ ትገባለች። ጓዳው ውስጥ አምፖል ስላለ ችግር የለውም። አራት አምፖል መግዛቴ ለዚህ በጀ።

ይታገሱ ጤፉን እያበራየ ነው። የገነነ በሬ ከእኛው ጋር አውድማ ላይ ይዞራል። ተስማምተዋል።

ኅዳር 20

መሽቶባት ገባች። አንድ ሰዓት አልፎ። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ በጋ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው። በታች በኩል፣ በረግረጉ ዞሬ መጣሁ አለችኝ።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

ጭቃውን እየጠረገች፣ «እማ፣ ስልክ መሙላቱ ይቅር። ሰው አይምጣ» አለች።

«ሰው ምን ይለናል?» አልኳት።

«ምን ይለናል» ብላ ደገመችው፤ ልክ እንደኔ ድምፅ። ተቆጣኋት። ለእሷ ብለን አባቷ በሬውን እንደሸጠ ነገርኳት። ይሄን መናገር አልነበረብኝም። ጓዳ ገባች። አሁን መጽሐፏን ገልጣ ተቀምጣለች፤ ገጹን ግን ከገለጠች ቆይታለች፣ አልገለበጠችውም።

ታኅሣሥ 4

መብራቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ደከመ። ቢጫ ሆነ፣ ጠፋ። ኩራዙን ፈልጌ አመጣሁ።

ኮረብታው ላይ ወጥቼ ለአድማሴ ደወልኩለት፤ ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው። «ስንት ስልክ ነው በቀን የሚሞላው?» አለኝ። ነገርኩት። «እትዬ፣ ሶላሩ የተገዛው ለልጅዎ ነው ወይስ ለአገሩ?»

ከነገ ጀምሮ ስልክ የለም ብዬ ሰዉን መለስኩ። እንድሪያስን ስመልሰው ፈገግ አለ፤ «ግድ የለም፣ እኛ እንደ ቤተሰብ ነን» አለኝ።

የሠርኬ ውጤት መጣ። ከክፍሉ ሃያ ሁለተኛ ወጣች። ስምንተኛ ክፍል አንደኛ ነበረች። መብራት ሳይኖራት።

ታኅሣሥ 15፣ እሁድ

ሽማግሌ መጣ። ሦስት ናቸው፤ አባ ሃይለ ሚካኤል ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ። ደጅ ላይ ቆመው አንቀመጥም አሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ይታገሱ እስኪገቡ ለመናቸው።

አባ ሃይለ ሚካኤል ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ ነገር በቀጥታ አይናገሩም። ቀና ብለው አምፖሉን አዩና፣ «ከዚህ ቤት ብርሃን ወጥቶ ጎረቤት ደርሷል። ጎረቤትም ከብርሃኑ ይካፈል ዘንድ ልኮናል» አሉ።

ይታገሱም ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። «አባ፣ ብርሃኗ ገና እየተሞላች ነው። ተማሪ ናት። ትጨርስ።»

«ለማን ልጅ እንደምንጠይቅህ አላወቅህ እንደሁ ነው።»

«አውቄያለሁ፣ አባ።»

«በሬህ ከማን በሬ ጋር እንደተጠመደስ?»

ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንደኛው ነው ይሄን ያለው። አባ ሃይለ ሚካኤል በዓይናቸው ገሠጹት፤ ግን ተባለ። ይታገሱ፣ «ልጄና በሬዬ የተለያዩ ናቸው» አለ። እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሲወጡ እስከ በሩ ሸኛቸው፣ እጃቸውንም ሳመ።

ሠርኬ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

ታኅሣሥ 20

ገነነ በሬውን አልከለከለንም። እንዲያውም በሬው እኛ በረት እንዲያድር ትቶታል። ሰላም ይለናል። እንድሪያስ ግን ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዝር አላለም።

ምንጭ ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ደረስኩ። «መብራት ሰቅለው አሳይተው፣ አሁን እምቢ አሉ» ትላለች አንደኛዋ። ሲያዩኝ ስለ እንስራቸው ማውራት ጀመሩ።

ቢሆንም ነገሩ አልቋል። ጨዋ ቤተሰብ ናቸው። አልቋል።

ጥር 2

ገና አለፈ። ሠርኬ ለአባቷ ነው የነገረችው፤ ለኔ አይደለም። «አባዬ፣ ቡሬ ቢከራዩልኝ» አለችው። ከእህተ ማርያም ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ይታገሱ ወደኔ ተመለከተ።

«አይሆንም» አልኩ። «ለምንድነው ታዲያ ይሄ ሁሉ?» ወደ አምፖሉ ጠቆምኩ።

«እማ፣ እኔ አምለሰት አይደለሁም።»

በዚህ ቤት ስሟን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ከአራት ዓመት ወዲህ የለም። ይታገሱ ተነስቶ ወጣ።

አምለሰትን የላኳት እኔ ነኝ። ይታገሱ ትቆይ፣ አንድ ዓመት ታርፍ ብሎ ነበር። እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፤ የአስተማሪ ልጅ እንዴት ታቋርጣለች አልኩ። በየሁለት ሳምንቱ ስንቋን ለመውሰድ ትመጣ ነበር። በመጨረሻው ጊዜ ስትመጣ ሰውነቷ ትኩስ ነበር፤ ፈተና አለብኝ አለች፣ ሂጂ አልኳት። በእጄ ነው መኪናው ላይ ያሳፈርኳት። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ቀን ብቻዋን ተኝታለች። የቤቱ ባለቤት፣ «ስታጠና ነበር የመሰለን፤ መብራቷ እየበራ ነበር» አሉኝ።

ይሄን ጽፌው አላውቅም።

ሠርክአዲስ እዚሁ ታጠናለች። እዚሁ እያየኋት።

ጥር 14፣ ሰኞ

12 ሰዓት። አልመጣችም።

1 ሰዓት። ይታገሱ ወደ ወንዙ ወርዷል። በረግረጉ በኩልም ያያል።

ስልክ አይሠራም። ኮረብታው ላይ ልውጣ ወይስ ብትመጣ ቤት ልሁን?

አራቱንም አምፖል አብርቻለሁ። በሩን ከፍቻለሁ። ከሩቅ ይታያል። ካየችው ትመጣለች።

ይታገሱ ተመለሰ። የደብተር ቦርሳዋን ይዟል። ወንዙ ዳር ነው ያገኘው። ሰው ሊጠራ ወጣ።

እመቤቴ።

ጥር 15

በሕይወት አለች። ቡሬ ናት። ደህና ናት።

ደህና አይደለችም ግን በሕይወት አለች።

ጎህ ሲቀድ ይታገሱ ኮረብታው ላይ ሲወጣ ነው የአስካለ ማርያም እህት ስልክ የገባው። ሌሊቱን ሙሉ ስትደውል አድራለች። አሁን ከቡሬ ተመልሼ ነው የምጽፈው፤ ልጄ የነገረችኝን ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

እንድሪያስ ወንዙ ጋ ነው የጠበቃት፤ ሁለት ሰዎችና አንድ በቅሎ ይዞ። አንደኛው ከኋላ ያዛት። ቦርሳዋን ፊቱ ላይ ወርውራ አመለጠች። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ይዘውባት ስለነበር ወደ መጣችበት፣ ወደ ቡሬ ሮጠች። እንድሪያስ ነጠላዋን ያዘ፣ ነጠላው እጁ ላይ ቀረ። ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። እንደገና ተነስታ ሮጠች። ከወፍጮ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች አህያ እየነዱ ሲመጡ አገኟት። አንደኛዋ ዱላዋን ይዛ መንገዱ መሀል ቆመች አለችኝ። ጮኹ። ሰው ከማሳ ብቅ ብቅ ሲል እነ እንድሪያስ ሸሹ። ሴቶቹ የጫኑትን ዱቄት ትተው ይዘዋት ቡሬ ገቡ።

ስማቸውን አልጠየቀቻቸውም። ፈልጌ አመሰግናቸዋለሁ።

አቅፌያት ሳለቅስ ባልተሰበረው እጇ ጀርባዬን መታ መታ ታደርገኝ ነበር። እሷ እኔን።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጠን። መርማሪው፣ «ከዚህ በፊት ይከተላት እንደነበር ያውቁ ነበር?» አለኝ። አላውቅም አልኩ። ሠርኬ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። መሬት መሬት አየች።

ጥር 17

ኅዳር 2 ቀን የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። «ሳንጨርሰው ቀረ» ይላል።

ጨርሰነዋል። ጓሮ ቆመን፣ «እማ፣ የገነነ ልጅ መንገድ ላይ ይጠብቀኛል፤ ያናግረኛል» ብላኛለች። በእነዚህ ቃላት። እኔም፣ «ሰላም ብለሽው እለፊ፣ ጎረቤት ነው» አልኳት። በሬው ከተሸጠ ሳምንቱ ነው፣ መቀናጆው ከአባቱ ጋር ነው፤ አሁን ነገር አይነሳ ብዬ ነው። ከዚያም ቤቴ አስገብቼ ወንበር ሰጠሁት። ስልኩን ሞላሁለት።

ዛሬ ቡሬ ሄጄ ቃሌን አስተካከልኩ። መርማሪው እንደገና ጻፈው። ከዚያ ለይታገሱ ነገርኩት፤ የትንሿን መብራትም ነገር። አልጮኸብኝም። «በበግ የሚገዛ ነበር?» አለ።

«አዎ።»

ወጥቶ እንጨት ይፈልጥ ጀመር። የሚፈለጥ እንጨት አልነበረንም፤ አጥር ነው የፈለጠው።

ጥር 20፣ እሁድ

ገነነ ሽማግሌ ላከ፤ የዛሬው ለእርቅ ነው። «ልጅ አጥፍቷል። ክንዷን እኔ አሳክማለሁ። ነገር ከመንግሥት ደጅ ይመለስ» ይላል። የቀበሌው ሊቀመንበርም አብሮ መጥቷል፤ ለሁላችንም ስም ጥሩ አይደለም አለ። አባ ሃይለ ሚካኤል ከእነሱ ጋር የሉም። አልሄድም ማለታቸውን ሰማሁ።

ይታገሱ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው። ከዚያ ተነስቶ ወደ በረት ገባ፣ የገነነን በሬ ፈታ፣ በጠራራ ፀሐይ በሰፈሩ መሀል ነዳው። ሰው ሁሉ ከየደጁ ያየዋል። እኔም ተከተልኩት። ገነነ ደጅ ሲደርስ ገመዱን በሩ ላይ አስሮ፣ «አቶ ገነነ፣ በሬዎን መልሻለሁ» አለና ተመለሰ። አንቱ ብሎት አያውቅም ነበር፤ አብሮ አደጉ ነው።

ክሱ ይቀጥላል።

ጥር 29

እንድሪያስ ሊበን አካባቢ ዘመድ ቤት ተደብቆ ተያዘ።

የበልጉ እርሻ ደረሰ። አንድ በሬ አለን። ይታገሱ ትናንት ደምበጫ ወንድሜ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ ሄዶ ዛሬ ተመለሰ። ጫማውን እያወለቀ፣ «በሬ ይሰጠናል» አለኝ።

«እንዲሁ?»

«ሶላሩን እሰጠዋለሁ አልኩት። አራት ተማሪ አለው።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አይሆንም ካልሽ ይቀራል» አለ። ካልሽ።

ማንም የማያጠናበት ቤት አራት አምፖል ይዟል። ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ባትሪው ይሞላል፣ ማታ እኔና እሱ ተያይተን እንቀመጣለን። በኩራዝ ጊዜ እንዲህ አንተያይም ነበር።

ይሂድ አልኩት።

የካቲት 2

አድማሴ መጥቶ ነቀለው። ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ሰው ነግሮታል መሰለኝ። የሥራውን አልቀበልም አለ። ጣሪያው ላይ ሰሌዳው የነበረበት ቦታ ቆርቆሮው ያበራል፤ ሌላው አቧራ ነው። አዲሱ በሬ ቀይ ነው፣ ከፊት ነጭ አለበት፣ ከእኛው ጋር ገና አልተላመደም።

የካቲት 4፣ እሁድ

ሠርኬን ቡሬ አየኋት። ከእህተ ማርያም ጋር የተከራዩት ክፍል ከአስካለ ማርያም እህት ግቢ ውስጥ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ። ክንዷ በጀሶ ነው፤ በግራ እጇ መጻፍ ለምዳለች። ደብተሯን አሳየችኝ፣ ፊደሏ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው። ስቀን ሞትን።

በሩን ሳየው ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው። ሞከርኩት። ጠንካራ ነው። ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ነበር።

«በየቀኑ ልደውልልሽ» አለችኝ።

«ኮረብታው ላይ በአሥራ አንድ ሰዓት እወጣለሁ።»

«ካልደወልኩም እንዳትደነግጪ። አንዳንዴ መብራት ይጠፋል እዚህ፤ ስልክ አይሞላም።»

እሺ አልኳት። እንደማልደነግጥ ሆኜ።

ልሰነብት ፈልጌ ነበር። ስለ ጾሙ፣ ስለ ስንቋ፣ ስለ ጀሶው ደጋግሜ አወራሁ። እሷ በመስኮት ፀሐይዋን አየችና ተነሳች፣ ነጠላዬን አቀበለችኝ። «እማ፣ ሳይመሽ ሂጂ።»

እስከ ከተማው ዳርቻ ሸኘችኝ። ከዚያ ተመለሺ አልኳት፣ ብቻዬን መንገዱን ያዝኩ።

ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ አገር ኖሬ ቡሬ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ሁልጊዜ ግን በገበያ ቀን፣ ከሰው ጋር፣ ፀሐይ ከፍ ሳትል ወይ በእኩለ ቀን። እሷ በምትመለስበት ሰዓት ሄጄበት አላውቅም ነበር። የመጨረሻዎቹ ቤቶች ካለፉ በኋላ ሰው የለም። ባሕር ዛፉ ግራና ቀኝ ይዘጋል፤ ውስጡ ይጨልማል ሜዳው ገና ብርሃን ሳለ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ዞርኩ። ላም ናት። ሁለት ሰው ከፊቴ መጣ፣ ዱላ ትከሻቸው ላይ። «እንደምን አመሹ» አሉኝ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ግን እስኪያልፉኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር። በኋላም ዞሬ አየሁ፣ ይመለሱ እንደሁ።

ይሄን አራት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ።

ወንዙ ጋ ስደርስ ጀንበር ጠልቃለች። ውኃው ቀንሷል፣ ድንጋዮቹ ደርቀው ወጥተዋል። ቆምኩ። አዳመጥኩ። ማንም አልነበረም። እርግጠኛ ነኝ፣ ማንም አልነበረም።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርኩና ሮጥኩ።